ቤት ሲገዛ የእንጀራን መንገድ ስለ ማሰብ

በአዲስ አበባ ከተማ የሚኖር ደመወዝተኛ ወጣት፣ ከሚያገኘው ገንዘብ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የቤት ኪራይ እንደሚወስድበት በተረዳ ጊዜ፣ አሳቡ ሁሉ የራሱ የሚለውን ጣሪያ ወደ ማግኘት ያዘነብላል። ይህ አሳብ መልካም መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ቤቱ የሚገኝበት ስፍራና ገዢው እንጀራውን የሚያገኝበት ስፍራ ምን ያህል ቢራራቁ ኑሮ ሊጸና ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ስለ ዋጋው፣ ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ ግድግዳው ጥንካሬ ከዘመድ ከወዳጅ ጋር ሲመክር ይከርምና፣ መንገዱን የሚያስታውሰው ግን ቁልፍ ከተረከበ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ታክሲ ሲጠብቅ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር የኮልፌ ቀራንዮን ክፍለ ከተማ ያህል የሚያመች ስፍራ ጥቂት ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ መርካቶ ከተቋቋመ ወዲህ፣ የገበያው ሰው ማደሪያውን ከገበያው ጀርባ መፈለጉ የማይቀር ነበር። ኮልፌም ከዚያው ከመርካቶ ጀርባ ያለ ሰፈር ነው። ዛሬም ማለዳ በአሥራ ስምንት ማዞሪያ በኩል ወደ ገበያው የሚጎርፈውን እግረኛ የተመለከተ ሰው፣ ተሸካሚው፣ ልብስ ሰፊው፣ የጅምላ ሱቅ ሒሳብ ያዡና ባለ ሱቁ ራሱ ከአንድ ሰፈር የወጡ መሆናቸውን ይገነዘባል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለመጓጓዣ የሚከፍሉት ሳንቲም የለም፤ ታክሲያቸው ጫማቸው ነው። ከጦር ኃይሎች በአየር ጤና አድርጎ የሚያልፈው የጅማ መንገድ ደግሞ ወደ ሰበታ ፋብሪካዎች ይወስዳል፤ አለርት ሆስፒታልም በዚሁ መንገድ አጠገብ ነው። ስለዚህ ባል መርካቶ፣ ሚስት በሆስፒታል ወይም በፋብሪካ የሚሠሩበት ቤተ ሰብ በኮልፌ ቢሰፍር፣ ሁለቱም በየፊናቸው ወጥተው በጊዜ ወደ ልጆቻቸው ለመመለስ ይችላሉ።

እንግዲህ ይህ ቤተ ሰብ በ1997 ዓ.ም. ወይም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት መካከል ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ታሪኩ እንዲህ ይቀጥላል። ተመዝጋቢው የክፍሉን ዓይነት፣ ማለትም ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ መሆኑን ሊመርጥ ችሏል፤ ስፍራውን የሚመርጥለት ግን ዕጣው ነበር። በ20/80 መርሐ ግብር የዋጋውን 20 በመቶ ቆጥቦ፣ ለቀረው 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተበድሮ፣ ብዙ ዓመት ጠብቆ በመጨረሻ ስሙ ሲወጣ ሰፈሩ በእልልታ ይሞላል፤ ጎረቤትም እንኳን ደስ ያለህ ሊል ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሕንጻው ስፍራ ሲታይ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ፣ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ወይም ኮዬ ፈጬ ሆኖ ይገኛል። ይህም ማለት ከኮልፌ ተነሥቶ ከተማውን በሙሉ አቋርጦ በምሥራቅ ወይም በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ መውጣት ነው።

ሒሳቡን ነጋዴ በሚያውቀው መንገድ መሥራት ይገባል። ከቦሌ አራብሳ እስከ መርካቶ አንድ ጉዞ፣ ወረፋው ጭምር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል ቢባል፣ ደርሶ መልሱ በቀን 3 ሰዓት ይሆናል። መርካቶ ቅዳሜም ሥራ ነውና በሳምንት 18 ሰዓት ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ስለ ወሰነው፣ ይህ ሰው ከሥራ ጊዜው ሲሶ የሚበልጥ ሰዓት ያለ ደመወዝ በመንገድ ላይ ይሠራል ማለት ነው። በዓመት 50 ሳምንት ቢመላለስ 900 ሰዓት፣ ወይም ባለ 8 ሰዓት የሥራ ቀን 112 ያህል ይሆናል። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ስለ ጀመረ፣ የመጓጓዣው ወጭም በጊዜው ኪሳራ ላይ ተጨምሯል። ባለ ሱቅ በ2 ሰዓት ተኩል መዝጊያውን ለማንሣት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ በሌሊት ጨለማ መንገድ ላይ የሚቆመው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሚስቱም ትቆማለች። ለእርስዋ ያ ሰዓት ከድካም ሌላ ሥጋትም አለበት።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይህን ችግር ያቃልላል የሚል ታላቅ ተስፋ ነበረ። የምሥራቅና የምዕራቡ መስመር ከአያት ተነሥቶ የሚያበቃው በጦር ኃይሎች፣ በኮልፌ ደጅ ነውና ተስፋው መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ እጦት ከሥራ በመውጣታቸው የጥበቃው ጊዜ ረዘመ። ከአያት ወዲያ ያሉት አዳዲስ መንደሮች ደግሞ ከጣቢያው ለመድረስ ሌላ ታክሲ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ቤት ገዢው ከዚህ የሚማረው ነገር አለ፤ ሐዲድ ወይም አስፋልት ወደፊት ይመጣል ተብሎ ከሚነገርበት ስፍራ ይልቅ ዛሬ በሚሄደው ተሽከርካሪ ዋጋውን መገመት ይሻለዋል።

ስለዚህ ነገር የተደረጉ ምርመራዎች አሉ። በሕንድ አገር በአሕመዳባድ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኛ ሴቶች ከከተማው ውጭ የሚገኝ ቤት በዕጣ ተሰጥቶ ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲጠይቁ፣ ዕጣ ከደረሳቸው መካከል 34 በመቶው ጨርሶ ወደ ቤቱ አልገቡም፤ 32 በመቶው ደግሞ ገብተው ኋላ ለቀዋል። ዕጣ የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ቤተ ሰቦች ሲነጻጸሩ፣ የቤቱ ጥራት ቢሻሻልም በገቢ ረገድ ልዩነት አልተገኘም፤ ከዘመድና ከወዳጅ መራራቃቸው ግን ጨምሯል። የአዲስ አበባን ኮንዶሚኒየም ዕጣ የመረመረው ሳይመን ፍራንክሊንም የቤት ጥራት መሻሻሉን፣ የሥራ ገቢ ግን በዚያ ልክ አለማደጉን አሳይቷል። ይኸው ሰው ቀደም ብሎ ከመካከለኛው ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች የመጓጓዣ ገንዘብ ቢሰጣቸው ምን ይሆናል ብሎ ሞክሮ ነበር። ወጣቶቹ የሥራ ማስታወቂያ ወደሚለጠፍባቸው ሰሌዳዎች አዘውትረው መሄድ ጀመሩ፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ከፍ አለ። ግሩም አበበና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ የመጓጓዣው እርዳታ ያመጣው ጥቅም ከአራት ዓመት በኋላ መደብዘዙ ታይቷል። በአንጻሩ ሥራ ፈላጊዎች ችሎታቸውን ለአሠሪ ማስረዳት እንዲችሉ የተሰጣቸው ሥልጠና ገቢያቸውን ከፍ እንዳደረገ ቆይቷል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ሥራው የጸና፣ ሙያው የታወቀ ሰው ርቀትን በደመወዙ ሊከፍል ይችላል። ገና ሥራ በመለዋወጥ ላይ ያለ፣ የዛሬ ስድስት ወር ለማን እንደሚሠራ በእርግጥ የማያውቅ ወጣት ግን ርቀቱ የሚጎዳው በገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ወሬውን ያጣል። በመርካቶ ሥራ የሚገኘው በጋዜጣ ማስታወቂያ ሳይሆን፣ እገሌ ሒሳብ ያዥ ይፈልጋል፣ የእገሌ መጋዘን ጠባቂ ለቀቀ በሚለው ንግግር ነው። ያንን ንግግር የሚሰማው በሻይ ቤቱ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም አደጋ አለው። ለአንድ አሠሪ ቅርብ ለመሆን ሲባል ቤት መግዛት የሚያስከትለውን ለመረዳት ሐዋሳን ማየት ይበቃል። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ቀጠረ። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታወጣት፣ ከፓርኩ ታላላቅ ባለ ፋብሪካዎች አንዱ የነበረው ፒ ቪ ኤች ሥራውን ዘጋ። ከሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ተከራዮች ነበሩና ሻንጣቸውን አንሥተው ለመሄድ አልተቸገሩም። በዚያው በር ላይ በብድር ቤት የገዛ ሰው ቢኖር ግን ሥራውንም የቤቱንም ዋጋ በአንድ ቀን ባጣ ነበር። እንግሊዛዊው የኤኮኖሚ ሊቅ አንድሩ ኦስዋልድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ያቀረበው አሳብ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። የቤት ባለቤትነት ሰውን ከቦታው ስለሚያስር ሥራ አጥነትን ሊያባብስ ይችላል ባይ ነበር። አሳቡ እስከ ዛሬ ሲያከራክር ይኖራል። ለአዲስ አበባ እንዳለ ሊወሰድ አይቻልም፤ በዚህ ከተማ ባለቤቱ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ስፍራ ተከራይቶ መኖሩ የተለመደ ነውና።

ይህንኑ ልማድ አንዳንድ ሰዎች ሲነቅፉት ይሰማል፤ ቤቱ ለመኖሪያ ተሰጥቶ ሳለ ዕድለኛው አከራይቶ ይነግድበታል ይላሉ። ነቀፋው የተመዛዘነ አይደለም። ዕጣው ዓባዶ የጣለው የመርካቶ ሠራተኛ ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ሥራውን ወደ ዓባዶ ለማዛወርም አይችልም። ቤቱን አከራይቶ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እየከፈለ፣ ራሱ በኮልፌ ሁለት ክፍል ይዞ ቢኖር ልጆቹም ትምህርት ቤታቸውን አይለውጡም፤ ዕቁቡም ዕድሩም አይቋረጥበትም። ይህ አስተዋይነት ነው። ከመወሰኑ በፊት ግን ከሚቀበለው ኪራይ ላይ የሚከፍለውን ኪራይ፣ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያና ለእድሳት የሚቀመጠውን ቀንሶ ማየት አለበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ ተከራይ ሆኖ ለሚኖርበት ጊዜ የተወሰነ ዋስትና ያገኛል፤ አከራይ ሆኖም በዚያው ሕግ ይታሰራል።

ዕጣን ሳይጠብቅ በገዛ ገንዘቡ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል። ለሥራ ቅርብ የሆነው ስፍራ ውድ ነው፤ ርካሽ የሆነው ቅርብ ቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ጉድለት አለበት። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ገዢው በሕግ የሚገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ብሎኬትና አንድ ዓይነት ቆርቆሮ በአየር ጤና አንድ ዋጋ፣ ከከተማው ጫፍ ሌላ ዋጋ የሚያወጣው ስለ ምን እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል። በክፍለ ከተማው ዳርቻ ካርታ የሌላቸው፣ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚላቸው ቤቶች በአነስተኛ ዋጋ ለሽያጭ ይቀርባሉ። ገዢው ለመርካቶ ቀረብሁ ብሎ ይደሰት ይሆናል። ነገር ግን ካርታ የሌለው ቤት በባንክ ዘንድ መያዣ አይሆንም፤ ለልማት ሲፈለግም ካሣ ለመጠየቅ ያስቸግራል። ነገ ሱቅ ለመክፈት ለሚያስብ ወጣት፣ የመጀመሪያ ቤቱ ከማደሪያነቱ ሌላ የመጀመሪያ የብድር መያዣው ስለሚሆን፣ ካርታ ያለው አንድ ክፍል ካርታ ከሌለው ሦስት ክፍል ይበልጥበታል።

ለእንጀራ መቅረብ ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ያሳየ አሳዛኝ ነገርም በረጲ አካባቢ ደርሷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የተከመረው የቆሻሻ ተራራ ተንዶ በሥሩ የሰፈሩትን ቤቶች ቀበረ፤ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል ኑሮአቸውን ከዚያው ከቆሻሻው በሚለቀም ዕቃ ላይ የመሠረቱ ነበሩበት። ከሥራቸው ርቀው አልነበሩም።

የባንክ ሠራተኞች ነገር ደግሞ ለብቻው ቢታይ ይገባል። ብዙ ባንኮች ለሠራተኞቻቸው በዝቅተኛ ወለድ የቤት ብድር ይሰጣሉ፤ ወጣቱም በዚህ ዕድል ከጓደኞቹ ቀድሞ ባለ ቤት ይሆናል። ነገር ግን ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ወለዱ ብዙውን ጊዜ ወደ ተራው ደንበኛ ልክ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቤቱ ሰውየውን ከአሠሪው ጋር የሚያስር ሰንሰለት ይሆናል፤ የተሻለ ደመወዝ ቢቀርብለት እንኳ መውጣት አይችልም። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ሥራዬን ብለቅ ወለዱ ስንት ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ጎሕ ቤቶች ባንክን የመሳሰሉ ለቤት ብድር የተቋቋሙ ባንኮች መምጣታቸው፣ ብድሩ ከአሠሪው እጅ ወጥቶ ከገዢው ገቢ ጋር ብቻ እንዲያያዝ መንገድ ይከፍታልና የሚደገፍ ነው። ወለዱ ግን ዛሬም ለመካከለኛ ደመወዝተኛ ከባድ ነው።

የዚህ ጋዜጣ አንባቢ የሆነ ነጋዴና ባለ ድርጅት ይህን ሁሉ የሠራተኛው የግል ጉዳይ ነው ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ የመጣ ሒሳብ ያዥ ከቀትር በኋላ የሚሠራው ስሕተት የሚገባው በድርጅቱ መዝገብ ነው። የሠለጠነ የሱቅ ሠራተኛ በመንገድ ተሰላችቶ ሲለቅ አዲሱን ለማስተማር የሚጠፋውን ጊዜ የሚከፍለው ባለ ሱቁ ነው። ነጋዴው ደመወዝ ለመጨመር ባይችል እንኳ ሌላ የሚያደርገው አለ። የታመነ ሠራተኛ በአቅራቢያ ቤት ሲያገኝ ለቅድሚያ ክፍያው የሚሆን ገንዘብ ከደመወዙ በየወሩ የሚታሰብ አድርጎ ማበደር አንዱ ነው፤ በመርካቶ በዕቁብ ገንዘብ ሱቅ እንደሚከፈት ሁሉ፣ የአንድ ዕቁብ ቀዳሚ ዕጣ ለቤት ገዢ እንዲሆን መስማማትም ይቻላል። በአንድ መንገድ የሚመላለሱ የአሥር ሱቅ ሠራተኞችን በአንድ ሚኒባስ ማመላለስ ለአንድ ሱቅ ከባድ ቢሆን ለአሥሩ ቀላል ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው አውቶቡስ ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ የግሉ ነጋዴ በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ከከተማው መሐል በልማት ምክንያት የሚነሡ ሰዎችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ተፋጥጠዋል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳና ከአካባቢው ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውሯል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ንጹሕ ቤት አግኝተዋል፤ በደጃፋቸው ቡና አፍልታ ወይም እንጀራ ጋግራ ትሸጥ የነበረችው ሴት ግን ደንበኛዋን ይዛ አልሄደችም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በችግር ጊዜ ብቻ ሳይሆን በንግድም ነው፤ በዱቤ የሚሰጣት ባለ ሱቅና በዱቤ የምትሰጠው ደንበኛ በአዲሱ ሰፈር አያውቋትም።

እንግዲህ በኮልፌ፣ በአየር ጤና ወይም በቀራንዮ በኩል የመጀመሪያ ቤቱን ሊገዛ ያሰበ ወጣት ከአንድ የሥራ ቦታ ይልቅ የሁለትና የሦስት የሥራ ቦታ መገናኛ የሆነውን ስፍራ ቢያስቀድም ይጠቀማል። ጦር ኃይሎች ወደ ሜክሲኮም፣ በቀለበት መንገድ ወደ ዊንጌትም፣ ወደ ሰበታም መውጫ ስለ ሆነ፣ በአንዱ በኩል ሥራ ቢጠፋ በሌላው መፈለግ ይቻላል። እንዲህ ባለ ስፍራ ለጠበበች ክፍል የሚከፈለው ብልጫ በከንቱ የፈሰሰ ገንዘብ አይደለም፤ ከ900ው የመንገድ ሰዓት ጋር ይነጻጸር። ቤቱን የሚያይበትን ቀን ደግሞ ሻጩ ወይም ደላላው በሚመርጠው በእሑድ ከሰዓት በኋላ አያድርገው። በሐምሌ ወር፣ ዝናብ ሲጥል፣ ሰኞ ማለዳ ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ በታክሲ ወደ ሥራው ይሂድ፤ ማታም በ12 ሰዓት በዚያው መንገድ ይመለስ፤ ሰዓቱንና የከፈለውን በወረቀት ይጻፍ። ወረቀቱን ኪሱ ይዞ ዋጋ መነጋገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።